ፓስፖርት ላይ ያለች አንዲት ፊደል፦ የጾታ ምልክትና የትራንስጀንደር ሰዎች ጉዞ

የጾታ ምልክት በፓስፖርትና በመሰል የጉዞ ሰነዶች ላይ የባለቤቱን ጾታ በአንድ ፊደል የሚያሳይ መረጃ ነው። ትራንስጀንደር የሚባሉት ደግሞ ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ አለባበሳቸውንና አኗኗራቸውን፣ አንዳንዶቹም በሕክምና ሰውነታቸውን ከማንነታቸው ጋር ካስማሙ በኋላ፣ መታወቂያቸው የቀድሞውን ስምና ጾታ እንደያዘ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ በአንዳንድ አገር ጥቂት ወራት ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅበት አገርም አለ። በዚያ መካከል ለሚጓዙት፣ ለሌላው ሰው የደቂቃ ጉዳይ የሆነው ሰነድ ማሳየት ምርመራ ይሆንባቸዋል። ይህ መጣጥፍ የምልክቱን አመጣጥ፣ በኤርፖርትና በኬላ የሚሠራበትን መንገድና የአገሮችን ሕግ ይመለከታል። የሚያስረዳውም ይህን ነው፦ ፊደሏ ተጓዥን ከተጓዥ ለመለየት የምትሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ እንደ ማረጋገጫ ስትቆጠር ግን እውነተኛ ሰነድ የያዘን ሰው አጭበርባሪ ታስመስላለች። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የምልክቱ አመጣጥና አሠራር

ዛሬ የፓስፖርት አካል የሚመስለው የጾታ ምልክት ዕድሜው አጭር ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ጾታን መጻፍ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለቤቱ የሚታወቀው በስሙ፣ በልደት ቀኑ፣ በፎቶግራፉና በመልክ መግለጫው ነበር። ምልክቱ በዓለም ዙሪያ ወጥ የሆነው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪየሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ፣ በማሽን ለሚነበቡ የጉዞ ሰነዶች ባወጣው ሰነድ 9303 አማካይነት ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1980 ወጣ። መመሪያው ሦስት አማራጮችን ይፈቅዳል፦ ለወንድ ኤም፣ ለሴት ኤፍ፣ ጾታው ላልተገለጸ ደግሞ ኤክስ። ስለዚህ ጾታን ሳይገልጹ ማለፍ የቅርብ ጊዜ ፖለቲካ የፈጠረው ቀዳዳ ሳይሆን በራሱ በደረጃው ውስጥ ያለ መንገድ ነው።

የደረጃው ዝርዝር ደግሞ ፊደሏ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጣት ያሳያል። በፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ጾታ የሚጻፈው በሁለተኛው መስመር 21ኛ ቦታ ላይ ነው። ማሽኑ ጽሑፉ ሳይዛባ መነበቡን የሚያጣራው በማረጋገጫ አኃዞች ነው። የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የልደት ቀኑና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን የየራሳቸው አኃዝ አላቸው፤ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ጠቅላላ አኃዝም እነዚህኑ አጣምሮ ይሰላል። 21ኛው ቦታ ግን ከስሌቶቹ ሁሉ ውጭ ነው። በኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ቺፕ ውስጥ ያለው መረጃ ጾታን ጨምሮ በዲጂታል ፊርማ መጠበቁ እውነት ነው፤ ፊርማው የሚያረጋግጠው ግን ሰጪው መንግሥት የጻፈው እንዳልተነካ እንጂ ባለቤቱ ምን መምሰል እንዳለበት አይደለም። ሰውየውና ሰነዱ አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ኢካኦ በ2003 የመረጠው የፊት ምስልን ነው። ማሽኑ የዓይንን፣ የአፍንጫንና የአፍን አቀማመጥ ሲያነጻጽር ከጎኑ የተጻፈችውን ፊደል አይጠይቅም።

ምልክቱ ባይኖርስ ምን ይጎድላል ለሚለው ጥያቄ ጀርመን የኖረችበት መልስ አላት። የጀርመን ዜጎች መታወቂያ ካርድ የባለቤቱን ጾታ አያሳይም፤ ዜጎቿ ግን በዚሁ ካርድ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ድንበር ሲወጡና ሲገቡ ይኖራሉ። ስምና ፎቶግራፍ፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር በቂ ሆነው ተገኝተዋል።

ከትኬት እስከ ኬላ

ችግሩ የሚጀምረው ትኬት ሲቆረጥ ነው። በአሜሪካ ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሴኪዩር ፍላይት የተባለው ሥርዓት፣ አየር መንገዶች ከተሳፋሪው ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ጾታ ተቀብለው ለመንግሥት እንዲልኩ ያስገድዳል፤ መንግሥትም ከክትትል ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። በመሆኑም ሰነዱ እስኪቀየር ድረስ ቦታ የሚያዘው በሰነዱ ላይ ባለው ስምና ጾታ ነው፤ ሰዎች ተጓዡን በሌላ ስም ቢያውቁትም ትኬቱ፣ ቪዛውና ፓስፖርቱ አንድ ቃል መናገር አለባቸው። ይህ ለተጓዡ የሚያም ቢሆንም አመክንዮ አለው፤ ሰነድ ከሰነድ ጋር ይመሳከራል። አመክንዮው የሚሰበረው ሰነድን ከሰው መልክ ጋር ማመሳከር ሲጀመር ነው። ካናዳ በ2011 ያወጣችው ደንብ ይህን በግልጽ ጽፎታል፦ በመታወቂያው ላይ የተመለከተውን ጾታ የማይመስል ተሳፋሪን አየር መንገዱ እንዳያሳፍር ይከለክል ነበር። ሰነዱ እውነተኛ፣ ፊቱም የፎቶግራፉ ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ «አይመስልም» የሚለው የአንድ ሠራተኛ ግምት ሰውን ከጉዞ ሊያስቀር ቻለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦታ የሰውነት ስካነሩ ነው። በአሜሪካ ኤርፖርቶች ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው አሠራር፣ ተጓዡ ስካነሩ ውስጥ ሲቆም ሠራተኛው በዓይን አይቶ የወንድ ወይም የሴት ቁልፍ ይጫን ነበር። ሶፍትዌሩ ለተመረጠው ጾታ ከሚጠብቀው የሰውነት ቅርጽ የተለየ ነገር ሲያገኝ ቦታውን በስክሪኑ ላይ ያመለክታል፤ ከዚያ በእጅ መፈተሽ ይከተላል። ደረት የሚያጠብቅ ጨርቅ ወይም ከሰውነት ጋር የሚለበስ ሰው ሠራሽ አካል ማንቂያ ያስነሳል፤ ምንም ያልለበሰ ሰው እንኳ በገዛ ሰውነቱ ምክንያት ይቆማል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር ራሱ አሠራሩን ለመቀየር፣ በጾታ ምርጫ ላይ የማይመሠረት ሶፍትዌር እንደሚያስገባ በማርች 2022 አስታውቋል። ይህም ምርጫው ከመጀመሪያውም ለደህንነት የግድ እንዳልነበረ ያሳያል።

ጉዳቱ በቁጥር ተመዝግቧል። 27,715 ሰዎች በተሳተፉበት የ2015 የአሜሪካ የትራንስጀንደር ዳሰሳ፣ ባለፈው ዓመት በኤርፖርት ፍተሻ ካለፉት 43 በመቶ የሚሆኑት ከጾታ ማንነታቸው ጋር የተያያዘ ቢያንስ አንድ ችግር እንደገጠማቸው ተናግረዋል። መልካቸውን የማይገልጽ መታወቂያ ካሳዩት መካከል ደግሞ 32 በመቶ ተሰድበዋል፣ አገልግሎት ተከልክለዋል፣ ከቦታው እንዲወጡ ተደርገዋል ወይም ተደብድበዋል። ዳሰሳው በፈቃደኝነት የተሞላ በመሆኑ መቶኛዎቹ ሁሉንም ትራንስጀንደር ሰዎች በትክክል ይወክላሉ ማለት አይቻልም። የመላሾቹ ብዛት ግን ነገሩ የጥቂት ባለጌ ሠራተኞች ጥፋት ብቻ ነው የሚለውን ማስተባበያ አያስኬድም። ሰውን ከፊደሉ ጋር አመሳክር ተብሎ የታዘዘ ሠራተኛ ቅን ቢሆንም እንኳ ውጤቱ ያው ነው።

ሰነዱን የመቀየር መንገድ

«ታዲያ መጀመሪያ ሰነዱን ለምን አይቀይሩም?» የሚለው ጥያቄ የአገሮችን ሕግ እንድንመለከት ያስገድዳል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1992 ፈረንሳይ በተከሰሰችበት መዝገብ፣ አንዲት ትራንስጀንደር ሴት በየዕለቱ የምታሳያቸው ሰነዶች ማንነቷን ለማንም እንዲገልጡ መደረጉ የግል ሕይወት መብቷን ጥሷል ሲል ወስኗል። አርጀንቲና በ2012 ሐኪምም ዳኛም ሳያስፈልግ በራስ ቃል ጾታን ለማስቀየር ፈቀደች፤ ጀርመንም ተመሳሳይ ሕግ በኖቬምበር 2024 ሥራ ላይ አዋለች። ሃንጋሪ በአንጻሩ በ2020 በወሊድ ጊዜ የተመዘገበ ጾታ እንዳይለወጥ በሕግ ዘግታለች። በሃንጋሪ «ሰነዱ ከመቀየሩ በፊት» የሚባለው ጊዜ ማብቂያ የለውም ማለት ነው።

የተከፈተ በርም ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካ በ2010 ቀዶ ሕክምናን እንደ ቅድመ ሁኔታ መጠየቅ ትታ በሐኪም ደብዳቤ ተወሰነች፤ በ2021 ደብዳቤውንም አስቀረች፤ በኦክቶበር 2021 የመጀመሪያውን የኤክስ ፓስፖርት ሰጠች። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ ግን ፓስፖርት በወሊድ ጊዜ የተመዘገበውን ጾታ ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። በማሳቹሴትስ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አሠራሩን ቢያግድም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 6 ቀን 2025 ክርክሩ እስኪቋጭ አሠራሩ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ስለዚህ አለመጣጣሙን የሚፈጥረው ሰነድ ሰጪው መንግሥት ሆኖ ሳለ፣ በኬላ ላይ የሚጠየቅበት ተጓዡ ነው። ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ለሥራ ወይም ለስደት የሚነሳ ሰው ደግሞ ሕግ እስኪቀየር አይጠብቅም።

ክርክሮችና ምላሾቻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ የደህንነት ነው፦ ጾታን ማስቀየር ከተቻለ ወንጀለኛ ሊሰወርበት አይችልም ወይ? ስጋቱ መልስ ይገባዋል። ምልክቱን የሚቀይረው ያው መንግሥት፣ ያንኑ ሰው ከቀድሞ መዝገቡ ጋር አያይዞ ነው፤ የልደት ቀን፣ የፊት ምስልና የጣት አሻራ አብረው አይለወጡም። በጋብቻ ምክንያት የቤተሰብ ስም መቀየር ከአንድ ፊደል ይበልጥ ዱካ ያጠፋል፤ አገሮች ግን በመዝገብ እየተከታተሉ ሲፈቅዱት ኖረዋል።

ሁለተኛው፣ ስም ብቻውን ሰው አይለይም የሚለው ነው። ይህን ከኢትዮጵያውያን የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ደስታ፣ ስንታየሁ ወይም ምስጋና የሚል ስም ወንድም ሴትም ይጠራበታል፤ በአባት ስም ላይ የቆመ ሥርዓታችንም ብዙ ሞክሼ ይፈጥራል። ነገር ግን ጾታ መለያ ሆኖ ሲገባ የሚቀንሰው ቢበዛ ከሞክሼዎቹ ግማሽ ያህሉን ነው፤ የልደት ቀንና የፓስፖርት ቁጥር ግን ጉዳዩን ይዘጋሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 2025 የፈረንሳይ ባቡር ትኬት ለመሸጥ ገዢው «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» መሆኑን ማወቅ የግድ አይደለም ብሏል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፦ ሴት ተጓዦች በወንድ እጅ ላለመፈተሽ ያላቸው መብትስ? መብቱ መጠበቅ አለበት፤ ለትራንስጀንደር ሴቶችም ጭምር። ይህን የሚጠብቀው ግን ከፍተሻ በፊት በአክብሮት መጠየቅ፣ የተጋረደ ክፍል ማዘጋጀትና ምስክር ማቆም ነው። ሠራተኛው ፊደሏን አንብቦ ሴት ሆና የምትኖርን ሰው ለወንድ ፈታሽ ሲሰጥ መብቱ በራሱ በሕጉ ስም ይጣሳል።

አራተኛው፣ አንድ አገር ምልክቱን ቢቀይር ሌላው አይቀበለውም የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ኤክስ የሚል ፓስፖርት ባለቤቱን ጠላት በሆነ ኬላ ላይ ሊያጋልጥ ይችላል። አደጋው በመልክም ይመጣል፦ በ2017 በአቡዳቢ የገበያ አዳራሽ የተያዙ ሁለት የሲንጋፖር ዜጎች በአለባበሳቸው ምክንያት የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ኋላ ቅጣቱ ወደ ገንዘብና ከአገር መባረር ተለወጠ። በባሕረ ሰላጤው ለሚሠሩትና በዚያ ለሚያልፉት በርካታ ኢትዮጵያውያንም አካባቢው ሩቅ አይደለም። ይህ አደጋ የሚያስተምረው ግን ተጓዡ የትኛው ምልክት እንደሚሻለው ራሱ እንዲመርጥ መፍቀድን ነው፤ የሚሄድበትን መንገድ የሚያውቀው እሱ ነውና። ኒውዚላንድ በ2012 ለኢካኦ ባቀረበችው ጥናት ምልክቱን ፈጽሞ ማስቀረት በዚያን ጊዜ ከጥቅሙ ወጪው ያመዝናል ብላለች። ይህ ድምዳሜ የሥርዓት ለውጥን ወጪ የሚመለከት ነው፤ ምልክቱን በሰው መልክ ላይ መፍረጃ ማድረግን አይደግፍም።

ስለዚህ ሰነዱ እስኪቀየር የሚያስፈልገው ማስተካከያ ትልቅ አይደለም። የፊት ምስሉ ከተመሳሰለ፣ ቁጥሩ ከተነበበና ሰነዱ እውነተኛ ከሆነ ሠራተኛው ማረጋገጥ ያለበትን አረጋግጧል፤ ፊደሏ ለብቻዋ ተጨማሪ ጥያቄ ማስነሳት የለባትም። አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ለዚህ የሚያስፈልገው ቃል በአፉ አለ። «አንተ» እና «አንቺ» ጾታን አስቀድሞ መወሰን ይጠይቃሉ፤ «እርስዎ» ግን አይጠይቅም። «ፓስፖርትዎን ያሳዩኝ» ብሎ የጀመረ ሠራተኛ ሥራውን እስከ መጨረሻው ሊሠራ ይችላል፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ መወሰን ሳያስፈልገው።