ባለአደራዎቹ፦ የቻርልስ ኤልየትና የመሬት ጥበቃ ማኅበሩ ታሪክ

የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቻርልስ ዊልያም ኤልየት፣ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1897፣ ወሩም ማርች በሆነ ጊዜ፣ ስማቸውን ያወረሱትን የበኵር ልጃቸውን በማጅራት ገትር በሽታ ተነጠቁ። ልጁ ቻርልስ ያረፈው ገና በ37 ዓመቱ፣ ሚስቱንና አራት ሴቶች ልጆቹን ትቶ ነው። አባትየው በዚያን ጊዜ 63 ዓመት የሞላቸው፣ የአሜሪካን ከፍተኛ ትምህርት መልክ የለወጡ፣ ቃላቸውም በሀገሩ ሁሉ የሚደመጥ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ሟቹ የተወውን ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ ሪፖርትና ካርታ እየሰበሰቡ መመርመር በጀመሩ ጊዜ፣ በአንድ ማዕድ አብሯቸው የኖረው ልጅ ምን ያህል ታላቅ ሥራ ሠርቶ እንዳለፈ በሕይወቱ ሳለ በሚገባ እንዳልተረዱት ተገነዘቡ። ከዚያም ኀዘናቸውን ወደ ትጋት መልሰው፣ ከ700 ገጽ የሚበልጠውን የልጃቸውን የሕይወት ታሪክ በ1902 ጽፈው አሳተሙ።

ያ መጽሐፍ የሚተርከው፣ መሬትን ለሕዝብ ጥቅም በአደራ የሚጠብቅ የበጎ ፈቃድ ማኅበር በሕግ ጸንቶ እንዴት እንደ ተመሠረተ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የመሬት ጥበቃ ማኅበራት አሉ፤ ወንዝን ከደን፣ ደንን ከባሕር ዳርቻ የሚያገናኙ አረንጓዴ ጎዳናዎችንም ይዘረጋሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሥራቸውን ጥንስስ የጠነሰሰውን ሰው ስም እንኳ የሚያውቁት አይመስለኝም። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ሐሳቡ ከአንድ ሰው ልብ ወጥቶ ወደ ሕግ፣ ከሕግም ወደ መሬት የወረደበት መንገድ ለማንኛውም ሀገር ትምህርት የሚሆን ነውና።

ቻርልስ በኖቬምበር 1 ቀን 1859 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በካምብሪጅ ከተማ ተወለደ። እናቱ በ1869 ሲያርፉ የ9 ዓመት ሕፃን ነበር፤ አባቱም የሐርቫርድን መንበር የተረከቡት በዚያው በኀዘኑ ዓመት ነው። ዝምተኛና በራሱ የማይተማመን ልጅ ሆኖ ቢያድግም፣ በበጋው የዕረፍት ወራት ቤተ ሰቡ በመርከብ ወደ ሜይን ጠረፍ ሲጓዝ ደሴቱን፣ ቋጥኙንና ጥዱን እያየ መንፈሱ ይታደስ ነበር። በ1880 ገና ተማሪ ሳለ ጓደኞቹን አሰባስቦ የሻምፕሌን ማኅበርን አቋቋመ፤ ወጣቶቹም ማውንት ዴዘርት በተባለው ደሴት ድንኳን ተክለው፣ አንዱ ዕፀዋቱን፣ ሌላው አዕዋፉን፣ ሌላውም የዓለቱን ጠባይ ይመዘግብ ጀመር። ይህ ደሴት ከታሪኩ መካከል ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ስሙን ያስታውስ።

ከሐርቫርድ ከተመረቀ በኋላ በ1883 የኒው ዮርክን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት ሁለት ሊቃውንት አንዱ በነበሩት በፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድ ዘንድ የመልክዐ ምድርን ንድፍ ሙያ ለመማር በረዳትነት ገባ። ኦልምስቴድ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የመረግድ ሐብል ብሎ የሚጠራውን የቦስተን መናፈሻዎች ሰንሰለት ይዘረጉ ነበር። ደቀ መዝሙሩም ከመምህሩ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1885 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ አንድ ዓመት ያህል የየሀገሩን መናፈሻ፣ ደንና ዐጸድ ሲመለከት ቆየ፤ ሲመለስም በቦስተን የራሱን ቢሮ ከፈተ።

የቦስተን ከተማ በዚያ ዘመን ወደ አራቱም ማዕዘን ትስፋፋ ነበር። የባቡሩና የትራሙ ሐዲድ በደረሰበት ሁሉ እርሻው ለቤት መሥሪያ ይሸነሸናል፤ የወንዙን ዳር ፋብሪካ ይይዘዋል፤ የባሕሩን ዳርቻ ባለጠጎች ያጥሩታል። እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ ለራሱ መናፈሻ ለመግዛት ቢፈልግም እንኳ ከአጥቢያው ወሰን አልፎ ለማሰብ አይችልም ነበር። ከዚህ ላይ የኤልየት ዐይን ሌሎች ያላዩትን አየ፤ በአካባቢው ካሉት ቦታዎች ውበታቸው የበለጠው፣ ማለትም ጅረቱ፣ ኩሬውና ሸለቆው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ከተሞች ወሰን የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ ዳር የአንዱ፣ ሌላው ዳር የሌላው ሆኖ፣ ሁለቱም «የጎረቤቴ ጉዳይ ነው» እያሉ ይተዉታል። ቤልሞንትና ዎልታም በሚዋሰኑበት ስፍራ የነበሩት፣ ዌቨርሊ ኦክስ የተባሉት እጅግ ያረጁ ታላላቅ ዛፎች ባለቤት አልባ ያህል ሆነው የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ስለነዚህ ዛፎች ነው ኤልየት በ1890፣ ማርች 5 ቀን፣ «ጋርደን ኤንድ ፎረስት» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ያንን ዝነኛ ደብዳቤ ያወጣው። የደብዳቤው ሐሳብ ቀላልና ጥልቅ ነበር። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን፣ ቤተ መዘክርም ሥዕልን ለሕዝብ ደስታና ዕውቀት ጠብቆ እንደሚያኖር ሁሉ፣ የተፈጥሮ ውበት ያለበትንም መሬት ተቀብሎ፣ ከግብር ነፃ ሆኖ፣ ለዘለዓለም የሚጠብቅ ማኅበር ይቋቋም የሚል ነው። ሰው መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍት ሲናዘዝ ማንም የማይደነቅ ከሆነ፣ ጫካውን ለሕዝብ ቢናዘዝ ስለምን ይደነቃል? በእኛ ሀገር በደብር ዙሪያ ያለ ዛፍ በግዝት ተከልሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚተላለፍ፣ ኤልየትም ለዛፉ ከግለሰብ ዕድሜ የሚረዝም ጠባቂ ሊያበጅለት ፈለገ፤ እርሱ ግን ያንን ጥበቃ ያገኘው ከምክር ቤት ሕግ ነው።

ዝምተኛው ወጣት ከዚህ በኋላ ባሕርዩ የተለወጠ እስኪመስል ድረስ ተንቀሳቀሰ። የአፓላቺያን ተራራ ወጪዎችን ማኅበር ድጋፍ አገኘ፤ ለታዋቂ ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ በሜይ 24 ቀን 1890 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አዳራሽ ጉባኤ አስጠራ። በዓመቱ፣ በሜይ 1891፣ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት የሕዝብ ጥብቅ ስፍራዎች ባለአደራዎች ማኅበርን የሚያቋቁመውን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ አጭር ሲሆን ለማኅበሩ ሁለት ነገር ሰጠው፤ አንደኛው መሬትን በስጦታም ሆነ በግዢ የመያዝ ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛውም የያዘውን ለሕዝብ ክፍት እስካደረገ ድረስ ከግብር ነፃ የመሆን መብት ነው። ግብሩ ቀላል ነገር እንዳይመስለን፤ ብዙ ሰው የአያቱን ደን የሚሸጠው ጠልቶት ሳይሆን ዓመታዊው ግብር ከብዶት ነው፤ ከሸጠው በኋላ ደግሞ ደኑ አይመለስም። ኤልየትም የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ።

የመጀመሪያው ስጦታ የመጣው ከአንዲት ሐዘንተኛ እናት ነው። ፋኒ ፎስተር ቱዶር የተባሉ ወይዘሮ፣ ለሞተችባቸው ልጃቸው ለቨርጂንያ መታሰቢያ እንዲሆን፣ በስቶንሃም ያለውን 20 ኤከር ደን ለማኅበሩ ሰጡ፤ ስሙም የቨርጂንያ ደን ተባለ። በሐውልት ፈንታ ዛፍ የበቀለበት ምድር ለልጅ መታሰቢያ ሲሰጥ ማየት፣ እኔን ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ልቤን ይነካኛል።

ኤልየት ግን ስጦታ ብቻውን እንደማይበቃ ፈጥኖ ተረዳ። ስጦታ በሰጪው ፈቃድ ላይ ይመሠረታል፤ ለሕዝብ የሚያስፈልገው ቦታና ሰው ለመስጠት የሚወደው ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ማኅበሩ የክፍለ ሀገሩን የባሕር ጠረፍ ባስመረመረ ጊዜ ሕዝብ በነፃነት የሚደርስበት ዳርቻ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ፣ ቦስተንና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች እንደ አንድ አካል መታሰብ አለባቸው እያሉ ይጽፉ ከነበሩት ጋዜጠኛ ከሲልቬስተር ባክስተር ጋር ተባበረ። የአንዱ ብዕርና የሌላው ካርታ አንድ ላይ ሆነው መንግሥትን ስላነቃቁ፣ በ1892 ጊዜያዊ፣ በ1893 ደግሞ ቋሚ የሜትሮፖሊታን መናፈሻዎች ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ባክስተር የመጀመሪያው ኮሚሽን ጸሐፊ፣ ኤልየትም ነዳፊው ሆኑ።

ኤልየት በጃንዋሪ 1893 ያቀረበው ሪፖርት ዛሬም ቢነበብ ጥበቡ አልደበዘዘም። መሬትን የመረጠው በዋጋ ርካሽነት ወይም በአጥቢያ ወሰን ሳይሆን በምድሪቱ በራሷ አቀማመጥ ነበር። ለታላቅ ከተማ የሚያስፈልጋት፣ ይላል በጭብጡ፣ ፊቱ ወደ ውቅያኖስ የሆነ ዳርቻ፣ የውስጠኛው ወሽመጥ ዳርና ደሴቶች፣ የታላላቆቹ ወንዞች መስመር፣ በዳርቻዋ ያሉ ሁለት ሦስት ሰፋፊ ደኖች፣ ሕዝብ በተጨናነቀበት ሰፈር ደግሞ ትንንሽ አደባባዮችና የሕፃናት መጫወቻዎች ናቸው። አረንጓዴ ጎዳና ብለን ዛሬ የምንጠራው ሁሉ በዚህ ሪፖርት ውስጥ አለ፤ ወንዙ ራሱ መንገድ ይሆናል፤ በዳሩ የሚሄድ እግረኛም ከከተማው ልብ ተነሥቶ እስከ ባሕር ወይም እስከ ኮረብታ ይደርሳል።

ሥራው በሚያስደንቅ ፍጥነት ተፈጸመ። ዌቨርሊ ኦክስ ያሉበት ቢቨር ብሩክ የኮሚሽኑ የመጀመሪያ ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ ብሉ ሂልስና ሚድልሴክስ ፌልስ የተባሉት ታላላቅ ደኖች ተከተሉ፤ በ1896ም ሪቪር ቢች፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ የባሕር ዳርቻ፣ ለሠራተኛውና ለስደተኛው ቤተ ሰብ ተከፈተ። ኤልየት በ1893 ከኦልምስቴድ ጋር ሸሪክ ሆኖ ነበርና የመምህሩ ጤና እየታወከ ሲሄድ የቢሮውም ሸክም በእርሱ ላይ ወደቀ። ሞት የቀደመው የደኖቹን የአያያዝ ሥርዓት የሚተነትነውን ጥናት እያዘጋጀ ሳለ ነው።

ሐሳቡ ግን በዚያው ዘመን ባሕር ተሻግሮ ነበር። በእንግሊዝ ሀገር ኦክታቪያ ሂል፣ ሰር ሮበርት ሀንተርና ቄስ ሃርድዊክ ራውንስሊ በ1895 ናሽናል ትረስትን ሲመሠርቱ፣ ከፊታቸው ምሳሌ ሆኖ የቆመው የማሳቹሴትስ ማኅበር ነበር።

አሁን ወደ አባትየው እንመለስ። ፕሬዚዳንት ኤልየት የልጃቸውን ወረቀት ሲመረምሩ፣ የሜይን ጠረፍ በባለሀብቶች ከመያዙ በፊት ለሕዝብ ይጠበቅ የሚለውን በ1890 የወጣ ጽሑፍ አገኙ። አዛውንቱም የልጃቸው ደቀ መዝሙር ሆኑ። በ1901 በዚያው በማውንት ዴዘርት ደሴት ሰዎችን ሰብስበው፣ በማሳቹሴትሱ አምሳል የሃንኮክ ወረዳ ባለአደራዎች ማኅበርን አቋቋሙ፤ የማኅበሩንም የዕለት ተዕለት ሥራ የያዙት ጆርጅ ዶር የተባሉ የቦስተን ባለጸጋ ነበሩ። እነዚህ ሰው ሚስት አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም፤ ርስታቸውንና ዕድሜያቸውን ለዚያች ደሴት ሰጡ።

በ1913 ግን ፈተና መጣ። ማኅበሩ 5,000 ኤከር ያህል ከሰበሰበ በኋላ፣ በሜይን ምክር ቤት የማኅበሩን ቻርተር የሚሽር ረቂቅ ቀረበ። ዶር ወደ ዋና ከተማው ወደ ኦገስታ ገስግሠው ረቂቁን አስጣሉት፤ ነገር ግን ምክር ቤት የሰጠውን ምክር ቤት ሊነሣው እንደሚችል በዚያች ጊዜ ስላዩ፣ መሬቱን ለፌዴራሉ መንግሥት ለማስረከብ ቆረጡ። መንግሥት ደግሞ የይዞታው ሰነድ አልተጣራም ብሎ መለሰባቸው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቁራሽ መሬት የውርስና የሽያጭ ውል ወደ ኋላ እየተከተሉ፣ ወሰኑን እያስለኩ፣ ፊርማ እያስፈረሙ ሁለት ዓመት ያህል ደከሙ። የመሬት ጥበቃ ጀግንነት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕዝብ የሚያየው ተራራውን ነው፤ ተራራውን ያዳነው ግን በመዝገብ ቤት የተፈጸመው አድካሚ ሥራ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን በጁላይ 1916 ስጦታውን ተቀበሉ፤ በ1919 ስፍራው ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ዛሬ ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያው ሆነ፤ አካድያ የሚለውን ስሙን በ1929 አገኘ። አባትየው ኤልየት በ1926 በዚያው ደሴት ዐረፉ፤ ዶርም ሀብታቸው ተሟጦ፣ ዐይናቸው ታውሮ በ1944 ተከተሏቸው።

በማሳቹሴትስ ደግሞ የሟቹ የወንድም ልጅ፣ አያቱን ተከትሎ ቻርልስ ዊልያም ኤልየት ተብሎ የተሰየመው፣ በአጎቱ ሙያ ሠልጥኖ ወደዚያው ማኅበር ገባ። በ1929 ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ያቀረበው ሐሳብ፣ ከሰሜን ከፕለም ደሴት ተነሥቶ ቦስተንን ከሩቅ እየዞረ በደቡብ እስከ ኪንግስተን ወሽመጥ የሚደርስ ሰፊ አረንጓዴ ቀለበት ለመዘርጋት ነበር። የኢኮኖሚው ውድቀትና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አዘገዩት፤ በ1956 ሕግ ወጣለት፤ ገንዘብ ግን ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። በ1990 በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ቤይ ሰርኪት የተባለውን የእግረኛ መንገድ ለመቀጠል ኅብረት ሲመሠርቱ፣ ሐሳቡን ያቀረቡት ሽማግሌ የ90 ዓመት አረጋዊ ሆነው በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉትም በ1993 ነው።

ዛሬ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ መስመሩንም በዛፍ ግንድ ላይ የተቀባ ነጭ ምልክት ያሳያል። አንዱን ክፍል የባለአደራዎቹ ማኅበር፣ ሌላውን ከተሞቹ፣ ሌላውንም ግለሰቦች ይዘውታል። ባለርስቱ መሬቱን እንደያዘ ቤት የመሥራትን መብት ብቻ በሰነድ የሚተውበት ውል በክፍለ ሀገሩ ሕግ ተፈቅዷልና፣ የማኅበሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ውል ለማግኘት አሁንም ከየባለርስቱ ደጅ እየቀረቡ ይነጋገራሉ፤ እሺ ያላቸውን ይመዘግባሉ፤ እምቢ ወዳላቸውም ጊዜ ጠብቀው ይመለሳሉ።