የባሕር አውሮፕላን ሞዴል ከባዶ ስለ መሥራት

ከባዶ መሥራት ማለት ተቆርጦ የተዘጋጀ ዕቃ ሳይገዙ፣ ከፎቶግራፍና ከልኬት ተነሥቶ ሞዴሉን በባልሳ እንጨት፣ በኮምፔንሳቶና በፋይበርግላስ መገንባት ነው። ለሴቨን ኮርነርስ ነዋሪ ጥሩ መነሻ በዳለስ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ በስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ይገኛል፤ ኪንግፊሸር የተባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላን።

ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ፣ ከነጭነቱ ክብደቱ 6000 ፓውንድ ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ርዝመቱ ለ4 ሲካፈል ክብደቱ ለ64 ይካፈላል፤ 94 ፓውንድ ግድም ይሆናል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚፈቀደው ግን ከ55 በታች ነው። አንድ አምስተኛው 48 ፓውንድ ይመጣል። የሦስት ወር ምሽት ንድፌን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።

ከክንፉ ይልቅ የሚያስቸግረው ተንሳፋፊው ነው። ከሥሩ በድንገት የሚቆረጥ እርከን ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ውሃው እየተጣበቀበት ሞተሩ ቢጮህም አይለቀውም። እርከኑ ከክብደቱ ማዕከል ጥቂት ወደ ኋላ ይሁን፤ ከበዛ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ማንሣት ያቅተዋል።

የት ይበረራል? ከሬገን አየር ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ሰፈራችንም እዚያው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ወር በኋላ፣ ሳሙኤል ላንግሊ ሰው አልባ የእንፋሎት አውሮፕላኑን ኳንቲኮ አጠገብ ፖቶማክ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲያበር የከለከለው አልነበረም። ዛሬ ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ክልል የተመዘገበና ከዓይን የማይርቅ ሞዴል በደንቡ መሠረት ይፈቀዳል። የሐይቁን ባለቤት ማስፈቀድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።