የቁስል ምስክርነት

ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ገላባት ሲደርስ የሱዳን ምድር ያበቃል፤ ማዶ የምትታየው መተማ ዮሐንስ ናት። ከተማዋ ይህን ስም ያገኘችው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ውጊያ ቆስለው በማግሥቱ ካረፉት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት መመታታቸው አያከራክርም። ጥይቱ ከየት አቅጣጫ መጣ፣ ከምን ያህል ርቀት ተተኮሰ፣ ለሞት ያበቃቸውስ የትኛው ቁስል ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ግን ከሁሉ የበለጠ መልስ ሊሰጥ ይችል የነበረው አስከሬናቸው ነው። እርሱም አልተረፈም። በሣጥን አድርገው ይዘውት ወደ አገራቸው የሚመለሱትን መኳንንት የዘኪ ጠመል ጦር በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸው፤ አዛውንቱ ራስ አርአያ ከአስከሬኑ ሳይለዩ ተሰዉ። የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን፣ ወደ ኸሊፋ አብዱላሂ ተላከ። ለእኛ የቀረልን የዓይን እማኞች ቃል ብቻ ነው።

ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። እንግሊዞች አምባውን ጥሰው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስን ወድቀው አገኟቸው። በተኩስ መካከል ለሞተ ንጉሥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ግምት በጠላት ጥይት ወደቀ የሚል ነው። አስከሬኑ ሲታይ ግን ጥይቱ በአፍ ገብቶ በራስ ቅል በስተኋላ መውጣቱ ታወቀ። ከሩቅ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ከንፈርና ጥርስ ሳያበላሽ ላንቃን ይበሳል ብሎ ማመን ያዳግታል። አሽከራቸው ወልደ ጋብር በኋላ የሰጠው ቃልም ከቁስሉ ጋር ይስማማል። ንጉሡ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም በተሰጣቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን ራሳቸው ማጥፋታቸውን አበው በቃል ያቆዩልን ከመሆኑም ሌላ ቁስሉ ራሱ የመሰከረው ጉዳይ ነው።

የአስከሬን መርማሪ ሐኪሞች ዛሬ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ዕውቀታቸው መጥለቁ ነው። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ የገባበት ቀዳዳ በውጭ በኩል ጠባብ፣ በውስጥ በኩል ሰፊ ይሆናል፤ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። በጠጠር የተመታ መስታወት አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አፈሙዙ ከገላ ጋር ተጣብቆ ከተተኮሰ ጋዙ ቆዳውን ከውስጥ ይቀደዋል፤ በጥቂት ስንዝር ርቀት ከሆነ ጥላሸትና የባሩድ ንቅሳት ይተዋል፤ ከዚያ ሲርቅ ግን ከቀዳዳው በስተቀር ምልክት አይገኝም። ቢላ የቆረጠው ቁስል ጠርዙ የጠራ ነው። ዱላ የፈነዳው ግን በሁለቱ ከንፈሮቹ መካከል ያልተበጠሱ ጅማቶች እንደ ድልድይ ተዘርግተው ይቀራሉ። የተሰቀለ ሰው አንገት ላይ የገመዱ ሰንበር ወደ ቋጠሮው ሽቅብ ይወጣል፤ በሌላ ሰው እጅ በገመድ የታነቀ ሰው ሰንበር ግን ብዙውን ጊዜ አንገቱን አግድም ይዞራል። በአገራችን ለበርካታ ዓመታት የዚህ ምርመራ ዋና ቦታ የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው።

ይሁንና ቆዳና ሥጋ ሲፈርስ ከዚህ ምስክርነት አብዛኛው አብሮ ይጠፋል። ደርግ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሞት በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲያስታውቅ ምክንያቱን የደም ዝውውር መታወክ ነው አለ። በየካቲት 1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር አጥንታቸው ወጣ፤ ይህ ብቻውን የአቀባበራቸውን ሁኔታ ያጋልጣል፣ በግፍ ታፍነው ተገደሉ የሚለውን ክስ ግን አያረጋግጥም። የታፈነ ሰው አጥንት ላይ የሚቀር ምልክት የለምና። በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊመዝን የሚችለው በዋናነት የሰውና የጽሑፍ ማስረጃን ነበር።

የዚህ አምድ አንባቢዎችን ይበልጥ የሚነካው ግን የሌሎቹ፣ ስም የለሽ ሆነው የተቀበሩት ጉዳይ ይመስለኛል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከቀይ ሽብር ሸሽተው በሁመራና በመተማ በኩል ወደ ከሰላና ገዳሪፍ ከተሻገሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ወንድም ወይም እኅት እስር ቤት ትተው የመጡ ናቸው። አዲስ አበባ የቀሩት እናቶች ስንቅ ይዘው ሲሄዱ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ ሞቷል የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። ኀዘን መቀመጥ እንኳ አይቻልም ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የጠፉ ሰዎችን አጥንት በመፈለግ የተካኑ ባለሙያዎችን ጋበዘ። እነርሱም በ1994 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ኮተቤ የሚገኝ የጅምላ መቃብር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በብሩሽና በማንኪያ፣ አፈሩን በየንብብሩ እየገለጡ ቆፈሩ። አጥንት ብቻውን መታነቅን ላያሳይ ይችላል፤ የምላስ ሥር አጥንት አንዳንዴ ይሰበራል፣ አንዳንዴም አይሰበርም። እዚህ ግን በአንገት አጥንቶች ዙሪያ ገመዱ እንደ ተጠመጠመ ነበር። ሥጋው አፈር ሆኗል፣ ገመዱ ናይለን በመሆኑ አልበሰበሰም።