ጥንታዊው ሐውልትና የዛሬዋ ሠዓሊ

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የምዕራቡ ዓለም ቤተ መዘክሮች የወደዱት አንድ የአቀራረብ ስልት አለ፤ በዘመናችን ሴት ሠዓልያንና ቀራጽያን የተሠሩ ሥራዎችን ከጥንታዊ የእስያ ቅርጻ ቅርጾች ጎን አቁሞ ተመልካቹ ሁለቱን አብሮ እንዲያይ መጋበዝ። በ2014 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሩክሊን ቤተ መዘክር ቺትራ ጋኔሽ የካሊን አምላክነት መነሻ አድርጋ የሠራችውን የግድግዳ ሥዕል ከራሱ ስብስብ ከወጡ የቆዩ ሥራዎች ጋር አሳየ። በ2022 የለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ስለ ሴት አማልክት ኀይል ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። በ2025 የክሊቭላንድ የጥበብ ቤተ መዘክር የሻዚያ ሲካንደርን ሥራዎች ከደቡብ እስያ ጥንታዊ ስብስቡ ጋር አጣምሮ አቀረበ።

ሐሳቡ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ጥንታዊው ሐውልት እዚያ የቆመው ለዛሬዋ ሠዓሊ ማጀቢያ ሊሆን ነው ወይስ የራሱን ታሪክ ሊናገር? በእኔ እምነት እንዲህ ያለ ጥምረት ዋጋ የሚኖረው ሐውልቱ ከየት ተነቅሎ፣ በማን እጅ አልፎ እዚያ እንደ ደረሰ ሲናገር ብቻ ነው።

ሲካንደር በ1969 በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ ተወለደች። እዚያው በብሔራዊው የጥበብ ኮሌጅ ጥንታዊውን የጥቃቅን ሥዕል ሙያ ተምራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ2020 የሠራችው አንድ የነሐስ ቅርጽ ሁለት ሴቶችን ያቆላልፋል። አንደኛዋ ቬነስ ናት፤ የፍሎረንሱ ሠዓሊ ብሮንዚኖ በ16ኛው መቶ ዘመን ከሣላት ሥዕል የተወሰደች። ሁለተኛዋ ዴቫታ፣ ማለትም በ11ኛው መቶ ዘመን በመካከለኛው ሕንድ ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸች ሰማያዊት ተወዛዋዥ ናት። ዴቫታዋ ከላይ ሆና ቁልቁል ትመለከታለች፤ ክብደቷን የምትሸከመው ቬነስ ናት። የአውሮፓ ተጓዦች ለብዙ መቶ ዓመታት የሕንድን አማልክት እንደ ጭራቅ ይገልጹ እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህ አቋቋም ትርጉም ግልጽ ነው።

እንዲህ ያሉት ተወዛዋዦች በመጀመሪያ የተቀረጹት ለብቻቸው እንዲታዩ አልነበረም። የቻንዴላ ነገሥታት በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን በካጁራሆ ባሠሯቸው ቤተ መቅደሶች የውጭ ግድግዳ ላይ ዛሬም በመቶዎች ተደርድረው ይታያሉ። በሐኪም ዓይን ሲመረመር የሰው አከርካሪ እነርሱ በሚጠማዘዙበት መጠን ሊጠማዘዝ አይችልም። ቀራጺው ይህን አጥቶት አይደለም። ምእመኑ መቅደሱን እየዞረ ሲያልፍ ከፊትም ከኋላም እንድትታየው ብሎ ነው። ሰውነቷ የተጠመዘዘው ለሚራመድ ሰው ነው፤ በመስተዋት ሣጥን ፊት ቆሞ ለሚያያት አይደለም።

ስለ ሴትና ስለ ጥንታዊ የእስያ ቅርጽ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚባለው፣ ሴቲቱ ተቀረጸች እንጂ አልቀረጸችም ነው። ቀራጽያኑ በአብዛኛው ስማቸው ያልተመዘገበ ወንዶች እንደ ነበሩ እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ የተፈለጠው በማን ገንዘብ ነው ብለን ስንጠይቅ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። በሳንቺ የቡድሃ እምነት መካነ ቅርስ ላይ ከ2000 ዓመታት በፊት በተቀረጹት የስጦታ ጽሑፎች ውስጥ የመነኮሳይያትና የተራ ሴቶች ስም በብዛት ይገኛል። በ8ኛው መቶ ዘመን ንግሥት ሎካማሃዴቪ፣ ባሏ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ በካንቺ ላይ ለተቀዳጀው ድል መታሰቢያ በፓታዳካል ያሠራችው ቤተ መቅደስ ዛሬም ቆሟል። በ10ኛው መቶ ዘመን የቾላዋ ንግሥት ሴምቢያን ማሃዴቪ በረጅሙ የመበለትነት ዘመኗ በታሚሎች አገር ብዙ መቅደሶችን በድንጋይ አሳነጸች። እርሷን ትወክላለች የሚባለው የነሐስ ሐውልት የሚገኘው የአገራችን ሰው በብዛት በሚኖርባት በዋሽንግተን፣ በፍሪር የጥበብ ቤት ነው። እንግዲህ የዛሬዋ ሠዓሊ ከጥንታዊው ሐውልት ጎን ስትቆም ከዝምተኛ ሞዴል ጎን መቆሟ አይደለም፤ አሠሪ፣ ለጋሽና ባለሥልጣን ከነበሩ ሴቶች ጎን ነው።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዘራፊዎች በማድያ ፕራዴሽ ከሚገኝ ቤተ መቅደስ አንዲት ሰማያዊት ተወዛዋዥ ነቀሉ። ለማሸሽና ለመሸጥ እንዲቀላቸው ለሁለት ከፈሏት። ሁለቱ ክፍሎች ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ገቡ፤ በባለሙያ እጅ ተገጣጥመው ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በስጦታ ተሰጡ። ተወዛዋዧ የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ በ2023 እስኪይዛት ድረስ ለሕዝብ ስትታይ ኖረች። በኅዳር 2024 ዐቃቤ ሕጉ ከ1,400 በላይ ቅርሶችን ለሕንድ መመለሱን ሲያስታውቅ እርሷም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ስብራቷ በደንብ ስለ ተጠገነ ብቻ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ማንም ስለ ቁስሏ አልጠየቀም።

የለንደኑ የ2022 ዐውደ ርእይ ይህን ጉዳይ በሌላ በኩል ይነካዋል። በዚያ የኪኪ ስሚዝ ሊሊት፣ ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቃ የምታፈጥ የነሐስ ሴት፣ ከጥንታውያን አማልክት ጋር ቀርባለች። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን በካሊ አምልኮ የሚኖሩ የለንደን ቤንጋሎች ማኅበር ተሳትፎበት፣ ቀራጺው ካውሺክ ጎሽ አዲስ የካሊ ምስል መሥራቱ ነው። በቤንጋል የካሊ የሸክላ ምስል በዓሉ ሲያልቅ ወደ ውኃ ይሸኛል። ምእመኑ አምላኩን ያያል፤ በአምላኩም ይታያል። ይህን መተያየት «ዳርሻን» ይሉታል። እኛ ግን ለዚህ ሁሉ በቋንቋችን ያለን አንድ ቃል ነው፤ ጣዖት። ቤተ ክርስቲያናችን በሥዕል እንጂ በሐውልት የማትጸልይ በመሆኗ፣ በእነዚህ ምስሎች ፊት ስንቆም የሚሰማን ባይተዋርነት የሚያስደንቅ አይደለም።

ሆኖም ከማናችንም ይበልጥ የነገሩን ክብደት መረዳት ያለብን እኛ ነን። ይኸው ቤተ መዘክር በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት መካከል 11 ታቦታትን ይዟል። በታሸገ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከካህናቶቻችን በቀር ማንም፣ የቤተ መዘክሩ ባለሙያዎች እንኳ፣ አያያቸውም። ካሊ እንድትታይ የተሠራች ናት፤ ታቦት ከዓይን እንዲሰወር የተቀደሰ ነው። ሁለቱ በእምነት እጅግ ይራራቃሉ። ነገር ግን ሁለቱም ያለ ምእመናኑ ጎዶሎ መሆኑን ያ ቤት ራሱ በተግባሩ መስክሯል፤ አንዱን ለማሳየት የእምነቱን ባለቤቶች ጠራ፣ ሌላውን ለማሳየት አልደፈረም። ያልደፈሩትን ዕቃ የራሳችን ነው ብሎ ማስቀመጥ በምን ይጸድቃል?

ሲካንደር በ2023 «ምስክር» የሚል ስም የሰጠችውን፣ ጸጉሯ እንደ በግ ቀንድ የተጎነጎነ 5.5 ሜትር ያህል ቁመት ያላትን የሴት ሐውልት በኒው ዮርክ አቆመች። በ2024 ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። በዚያ የውርጃን መብት የሚቃወሙ ወገኖች ተነሡባት፤ በሐምሌ 8 ቀን 2024 ከተማይቱ በማዕበል በተመታችበት ሌሊት አንገቷ ተቆረጠ። ሠዓሊዋ እንዲጠገን አልፈለገችም። ሐውልቱ አንገቱን እንዳጣ ይታይ አለች።

በቤተ መዘክሮች የቆሙ ራስ የሌላቸውን የእስያ ሐውልቶች ለምደናቸዋል፤ ዘመን የሰበራቸው ይመስለናል። የሂውስተኑ ሐውልት ግን ራስ የሚቆርጥ ሁሉ ዘመን አለመሆኑን፣ አንዳንዴ እጅ እንደ ሆነ ያሳስባል። ጥንታዊውንና የዛሬውን ጎን ለጎን የሚያቆም ሁሉ ከሐውልቱ ሥር በሚለጥፈው ጽሑፍ ላይ ዘመኑንና የድንጋዩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የነቀለውን፣ የሸጠውንና የገዛውንም ይጻፍ። ይህን ያላደረገ ዐውደ ርእይ፣ የቱንም ያህል ሴትን አከብራለሁ ቢል፣ ያቺን ለሁለት የተከፈለች ተወዛዋዥ ዳግመኛ ዝም አሰኝቷታል።