ከእንጥል ቆራጭ እስከ ፔኒሲሊን

በወሎ ከመካነ ሰላም ወደ ሳይንት ሲወጣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጫም ደጋ ይገኛል። በክረምት ልጆች በአንድ ጎጆ እሳት ከበው ሲያድሩ የአንዱ ጉሮሮ ሕመም በቀላሉ ለሌላው ይተርፋል። ለዚህም የደገኛ እናቶች መድኃኒት አያጡም፤ ዳማ ከሴ ይጨመቃል፣ ጦስኝ ይፈላል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይቀርባል። ማሩ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሆንም እንጂ የትልቁን ልጅ ጉሮሮ ያለሰልሳል።

ከቅጠሉ ቀጥሎ የሚጠራው እንጥል ቆራጭ ነበር።

በወሎም ሆነ በጎንደር፣ በጎጃምም ሆነ በትግራይ እንጥል ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሕፃኑንም አፍኖ ይገድላል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት ገና ሳይታመሙ፣ በተወለዱ በቀናት ውስጥ ተቆርጠዋል። ቆራጩ ሐኪም አልነበረም፤ ስለቱም አይቀቀልም። ደም አልቆም ብሎ፣ ቁስል አመርቅዞ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ገብቶ የሞቱ አሉ። ወላጆቹን በአላዋቂነት መክሰስ ግን ቀላል ፍርድ ነው፤ ሕፃን ታፍኖ ሲሞት ያየች እናት ያገኘችውን ሁሉ ትሞክራለች። በጥንቷ ግሪክም ይቆረጥ ነበር፤ በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት ጽሑፎች ቀልቶ ያበጠ እንጥል መቁረጥ አደገኛ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ።

በአገራችን ጎጂ ልማዶችን የሚታገል ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ተቋቋመ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የሕፃን እንጥል ቆርጦ ጉዳት ማድረስን በወንጀልነት አሰፈረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህንኑ በየቀበሌው ያስተምራሉ።

የሚያሳዝነው እንጥሉ ያለጥፋቱ መቀጣቱ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በሳምንት ገደማ በራሱ ይድናል፤ አንቲባዮቲክም አይረዳውም። አስጊው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የቁርጥማት ትኩሳት አስነስቶ የልብን በሮች ያበላሻል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ የልብ ሕመም ውሳኔ ያሳለፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኢትዮጵያም ብዙ ወጣቶች በዚሁ ልባቸው ይደክማል። የባክቴሪያው መድኃኒት ደግሞ ርካሹ ፔኒሲሊን ነው፤ የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የቁርጥማት ትኩሳቱን ይከላከላል።

ስለዚህ ልጅዎ ሳል ሳይኖረው ካተኮሰውና መዋጥ ካቃተው፣ የአንገቱም ንፍፊቶች ካበጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። መተንፈስ ካቃተው ወይም ምራቁ ከተዝረበረበ ሰዓት አይፍጁ። የታዘዘለትን ኪኒንም ተሻለው ብለው በሦስተኛው ቀን አያቋርጡበት።