ጨው መምሰልና ጨው መሆን፦ ከሰቆጣ ገበያ እስከ ስልካችን



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ አጀማመራቸው አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ስልኬን ጠይቄው እንዲህ አለኝ…»። የልጅ ተቅማጥ፣ የደም ግፊት፣ የእርግዝና ማቅለሽለሽ፣ ሁሉም መጀመሪያ ለስልክ ይነገራል። አንዳንዱ ጽፎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ በድምፁ ያወራዋል። መልሱም በሰከንዶች ውስጥ፣ በጥሩ አማርኛ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የሚመጣው ጥያቄ «ልመነው ወይስ አልመነው?» የሚል ነው።

«እመኑት» ወይም «አትመኑት» ብዬ በአንድ ቃል ብመልስ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ለእናንተ ግን ብዙም አይጠቅምም። ስለዚህ ዛሬ በጨው ታሪክ ልመልስላችሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ሰቆጣ ነው።

ሳይገላበጥ የማይወሰድ ጨው

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ብቻ አልነበረችም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያም ነበረች። አሞሌ ያኔ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ነው። እ.አ.አ. በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በገንዘብነት እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር እየተወደደ እንደሚሄድ ጽፎ አልፏል። አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ካሳተሙ በኋላ እንኳ አሞሌ ቶሎ ከገበያ አልወጣም።

ገንዘብ ስለሆነም ተቀባዩ ዝም ብሎ አይቀበለውም። የተሰበረ፣ የተሸረፈ፣ እርጥበት የበላው አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ አያቶቻችን አሞሌን አይተው፣ ዳሰው፣ አገላብጠው ነው የሚወስዱት። በዓይንና በእጅ መመርመር በቂ ነበር፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የሚታይ ጉድለት ነው።

ችግሩ የመጣው ጉድለቱ የማይታይ ሲሆን ነው።

የማይታየው ጉድለት

እንቅርት በደጋው አገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸውን እናቶች ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናብና ጎርፍ የተራራውን አፈር ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ በዚያ አፈር ላይ የበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርቱ ደግሞ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲጎድላት የጽንሱ አእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ይህን ጉዳት በኋላ መመለስ አይቻልም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ጨዋችን ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ ነበር፤ አዮዲንም ነበረው። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ። በምትኩ ከአፋር የሚመረተው የአገር ውስጥ ጨው ገበያውን ሞላው። ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ይቀምሳል። አዮዲን ግን አልነበረውም። ማንም እናት ወጥ ቀምሳ «ዛሬ ጨዋችን አንድ ነገር ጎድሎታል» ልትል አትችልም፤ ጨው ላይ የሚጨመረው ጥቂት አዮዲን ሽታም ጣዕምም የለውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተደረገ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከሦስቱ ከአንዷ በላይ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ።

በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2008ቱ ጥናት ወደ 89 በመቶ ደረሱ። ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን «አዮዲን አለው» ማለትና «በቂ አዮዲን አለው» ማለት አንድ አለመሆናቸውንም ባለሙያዎች አሳይተዋል። ይህ እንዴት ታወቀ? በቅምሻ አይደለም። ጨው ላይ ጠብ የምታደርጓት ትንሽ የመመርመሪያ ፈሳሽ አለች፤ አዮዲን ካለ ጨው ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል፣ ከሌለ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። መጠኑን ለማወቅ ደግሞ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

ይህችን ጠብታ ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አንድ ቁንጥር ጨው በእናት እጅ

ሁለተኛው የጨው ታሪክ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ግን በየቤታችን ገብቷል። እ.አ.አ. በ1971 በባንግላዲሽ ጦርነት ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ሲሰደዱ በመጠለያዎቹ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በንጹህ ውኃ አስበጥብጠው የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶ ታማሚ እስከ 30 የሚሞትበት ቦታ ሟቾቹ ወደ 4 ገደማ ወረዱ። ዛሬ ጤና ኬላ ላይ የሚሰጣችሁ ኦ.አር.ኤስ. የዚያ ልጅ ነው።

ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብራክ የተባለው የባንግላዲሽ ድርጅት እ.አ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ፣ አንድ ቁንጥር ጨውና አንድ ጭብጥ ጥቁር ስኳር በተለካ ውኃ መበጥበጥን ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ቤተሰቦች አስተማረ። «ነግረናቸዋል» ብሎ ግን አልተቀመጠም። እናቶቹ ከበጠበጡት ናሙና ተወስዶ የጨው መጠኑ በላቦራቶሪ ይለካ ነበር። የአስተማሪዋም ክፍያ እናቶቹ ትምህርቱን ባስታወሱት ልክ ነበር። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ብዙ እናቶች ተምረው አልተጠቀሙበትም። ሲጣራ አንዱ ምክንያት ተገኘ፦ አንዳንዶቹ አስተማሪዎች ራሳቸው ተቅማጥ ሲይዛቸው ክኒን ይውጡ ነበር። የሚያስተምሩትን ራሳቸው አላመኑበትም። ይህም ታርሞ ሥራው ቀጠለ።

ምክር ማለት ይህ ነው። ከአፍ የወጣው ቃል ብቻ ሳይሆን እናት እጅ ላይ የደረሰውም ይለካል፤ ስህተት ሲገኝም የሚጠየቅ ሰው አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የእኛው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቆመውም በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ከሠፈሯ የወጣች፣ ቋንቋውን የምታውቅ፣ ነገም ተመልሳ ደጃፋችሁን የምታንኳኳ ልጅ። የሕፃናትን መቀንጨር እ.አ.አ. በ2030 ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህችው ከተማ ሲሰየምም፣ ሥራው በመጨረሻ የሚወድቀው በእነዚህ እህቶቻችንና በእናቶች ትከሻ ላይ ነው።

ጨው የመሰለው

ሦስተኛው ታሪክ ገና ትኩስ ነው። እ.አ.አ. በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች አንድ ታማሚ ያጋጠመውን በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ሰውየው 60 ዓመቱ ነው። የገበታ ጨው እንደሚጎዳ ያነብና በምን ልተካው ብሎ ቻትጂፒቲን ይጠይቃል። ከዚያም ሶዲየም ብሮማይድ የተባለ ኬሚካል በኢንተርኔት ገዝቶ ለሦስት ወር በጨው ፋንታ ይመገባል። ሆስፒታል የደረሰው ጎረቤቴ ሊመርዘኝ ነው እያለ፣ የሌለ ነገር እያየና እየሰማ ነበር። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ታክሞ ዳነ።

ብሮማይድ ለሐኪሞች እንግዳ ስም አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ለእንቅልፍና ለጭንቀት መድኃኒት ተብሎ በሰፊው ይሸጥ ነበር፤ አእምሮ እንደሚያውክ ሲታወቅ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ሐኪሞቹ የሰውየውን ምልልስ ማየት አልቻሉም። ራሳቸው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያቀርቡ ግን ማሽኑ በክሎራይድ ፋንታ ብሮማይድን ጠቀሰ። «እንደ ሁኔታው ይለያያል» አለ እንጂ ለጤና አደገኛ መሆኑን ለይቶ አላስጠነቀቀም፤ «ለምን ፈለግኸው?» ብሎም አልጠየቀም።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ለጽዳት ሥራ ከሆነ ብሮማይድ ክሎራይድን ሊተካ ይችላል፤ መልሱ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም። ለሚበላ ሰው ግን መርዝ ነው። ሐኪም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምንህ ነው?» ብሎ ነበር። ብሮማይድ ነጭ ነው፣ ጨው ይመስላል። መልሱም እውቀት ይመስላል።

እኛ ቤት ሲመጣ

«ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው» እንዳትሉኝ። በእኛ ቤት ደግሞ ሌሎች ክፍተቶች አሉ።

አንደኛው ቋንቋ ነው። እነዚህ ማሽኖች የተማሩት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ የተጻፈ የጤና መረጃ ጥቂት ነው፤ የዋግ እናቶች አፍ በፈቱበት በኽምጣና ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.አ.አ. በ2024 ሣራ የምትባል የሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካሪ ሲያስተዋውቅ በ8 ቋንቋዎች ነበር፤ አማርኛ ከእነሱ ውስጥ የለም። መልሷ ሁልጊዜ ትክክል ላይሆን እንደሚችልም ድርጅቱ አብሮ አስጠንቅቋል።

ሁለተኛው ሰዓትና ቀን ነው። ስልኩ «በ8:00 ስጡት» ቢል እሱ የሚለው የእኛን ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከልጅ ክትባት ቀጠሮዎች መካከል የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት፣ ከዚያም የ9 ወር ይገኙበታል፤ የትውልድ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነግራችሁት እሱ በአውሮፓውያኑ ቢቆጥረው ቀጠሮው ይዛባል።

ሦስተኛው ልክ ነው። የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ቢምታቱ የልጅ ሽሮፕ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ኦ.አር.ኤስ. ጠፍቶ ቤት ውስጥ ለመበጥበጥ ስትገደዱ ልኩ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። የጨውና የስኳሩ ቁጥር ተገልብጦ ቢነገራችሁ ሕፃኑን ልታጡት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው የታሸገው ኦ.አር.ኤስ. ሁልጊዜ የሚመረጠው።

ታዲያ ስልኩን እንወርውረው?

አይደለም። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነበት ቤተሰብ «ሐኪም ጠይቁ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ይህን አውቃለሁ። ሐኪምም ይሳሳታል፤ ከልማድ የመጣ ምክርም ይሳሳታል። ለተቅማጥ ብለን የወተት ጥርስ አስነቅለናል፣ እንጥል አስቆርጠናል፣ ገና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ አውጠናል። ያን ሁሉ የመከሩን የሚወዱን ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ምክሩ ከስልክ ይምጣ ከጎረቤት፣ ወይም ከዚህ ገጽ፣ ከመዋጣችሁ በፊት እንደዚያ ጨው ጠብታ ጣል አድርጉበት። የእኔ ጠብታዎች አራት ናቸው፦

1. ዕድሜን፣ ክብደትን፣ እርግዝናን፣ ሌላ መድኃኒት መኖሩን ሳይጠይቅ መድኃኒትና መጠን ነገረኝ? ከሆነ አልቀበለውም።

2. ምክሩ ወደ አፍ የሚገባ፣ የሚቀባ፣ ወይም የጀመርኩትን መድኃኒት የሚያስቆም ነው? ከሆነ ሰው ሳልጠይቅ አላደርገውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ጤና ጣቢያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ወይም የጤና ሚኒስቴር 952 ነጻ መስመር አለ።

3. ቢሳሳት የሚጠየቀው ማን ነው? መልሱ «ማንም» ከሆነ ኃላፊነቱ ሁሉ እኔ ላይ ነው ማለት ነው።

4. ልጄ አስጊ ምልክት አለው? መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው ስልክ የመጠየቂያ ጊዜ አይደለም። በመንገድ ላይ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ስልኩ በደንብ የሚሠራውስ? ሐኪም የጻፈላችሁን ከባድ ቃል ማብራራት፣ ለቀጠሮ የምትጠይቁትን ማዘጋጀት፣ የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ። በዚህ ተጠቀሙበት፤ እኔም እጠቀምበታለሁ።

ስለ ጨው ካነሳን ዘንድ፦ አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ አዮዲን አለው ብላችሁ አታብዙ፤ መጠኑ ያው ጥቂት ነው።

አበው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ለአሞሌ ዘመን ይህ በቂ ነበር። የዘንድሮው ጨው ግን ጣፍጦም ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጣፈጡ አልፈን ውስጡን እንመርምር።

ጽሑፉን ለወላጆች አድርሱልኝ፤ በተለይ ስልክ ይዛ ሌሊት ከታመመ ልጇ አጠገብ ለምትቀመጥ እናት። ጤና ይስጥልን።