ሐዲዱ የተነሣለት መንገድ
በኒውዚላንድ ኦታጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ክላይድ የደረሰው የባቡር መሥመር በ1990 ተዘጋ። መንግሥት ግን መሬቱን ቆራርጦ አልሸጠም፤ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1993 ተረክቦ ከአካባቢው ማኅበር ጋር ድልድዮቹን ለብስክሌት ጉዞ አደሰ። ባቡር ኃይለኛ ዳገት ስለማይወጣ ሐዲዱ የለቀቀው መንገድ ለማንኛውም ብስክሌተኛ ይመቻል፤ 152 ኪሎ ሜትሩ በ2000 ተመረቀ። የሕዝብ ገንዘብ ለሽርሽር ለምን ይውላል የሚል ተከራካሪ ተገቢ ጥያቄ አንሥቷል። ነገር ግን ያልተቆራረጠ ረጅም መንገድ አንድ ገበሬ ወይም አንድ ሆቴል ብቻውን የሚሠራው አይደለም፤ ማደሪያውንና የብስክሌት ኪራዩን ግን ነዋሪው ራሱ ይችለዋል፤ ችሎም አሳይቷል። የመንግሥት ድጋፍ ትክክለኛ ድርሻ መንገዱን መሥራት ይመስለኛል። በ2009 መንግሥት ይህንኑ ድርሻ በመውሰድ ለአገር አቀፍ የብስክሌት መንገዶች 50 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር መደበ።